የእንቁላሉ ጨው

ለዘመድ አዝማድ፣ ለጎረቤት፣ ለአባቴ የሥራ ባልደረቦችና ጉዳዩ ይመለከተኛል ለሚል ሁሉ፦ ወንድሜ በተወለደ ቀን አባቴ የበላው የተቀቀለ እንቁላል ጨው እንደነበረው በዚህ ጽሑፍ ተረጋግጧል። ከዛሬ ጀምሮ በነገሩ ላይ የሚነሳ ማንኛውም ክርክር ተቀባይነት የለውም።

ክርክሩን ያቆየችልን ትልቋ አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ሰው ሰብሰብ ባለበት ሁሉ ታነሳዋለች። ሰርግ ላይ አንስታዋለች፣ ለቅሶ ላይ አንስታዋለች፤ አንዴማ ጥርስ ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ ለማታውቃቸው ሰዎች ስትዘረዝር፣ ጉንጩ ያበጠ አንድ ሰውዬ ሕመሙን ረስቶ «በጨው?» ብሎ ጠየቃት አሉ።

«በጨው!» አለች። «እህቴ እዚያ ውስጥ ነፍስ ውጪ ነፍስ ግቢ ላይ ናት፤ እሱ እዚህ ደጅ ተጎልቶ እንቁላሉን ልጦ፣ ጨው አስነክቶ፣ ዋጥ ስልቅጥ!»

መብላቱንስ ይብላ፣ ሰው ነው። አክስቴን ያንገበገባት ጨው ማማረጡ ነው። የተጨነቀ ሰው ቢበላ እንኳ ጣዕሙ አይታወቀውም ባይ ናት። አባቴን የሚወዱ ዘመዶች ደግሞ «ኧረ ጨው አልነበረም፣ እንዲያው ደረቁን ነው የዋጠው» እያሉ ሊያድኑት ይሞክራሉ። እሱ ይህ ሁሉ ሲወራ መስኮት መስኮቱን ያያል። የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ከኋላው ሰው ሲንጫጫ ፊት ለፊቱን እያዩ መቀመጥ ያውቅበታል። አክስቴንም እንደ አንድ ተሳፋሪ ቆጥሯት ይሆናል፤ መውረጃዋ እንደራቀ ተሳፋሪ።

እኔ ግን በዚያ ቀን እዚያ ነበርኩ። የፊት ጥርሶቼ ወልቀው ገና አልተተኩም፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ስቀመጥ እግሬ መሬት አይነካም። ሁሉንም ነገር አይቻለሁ። አንዱም አልገባኝም እንጂ።

እኛ ቤት የተቀቀለ እንቁላል ምግብ አልነበረም፤ መለያየት ነበር። አባቴ ወደ ሩቅ መንገድ በሚወጣበት ቀን እናቴ ትንሿን ድስት ትጥዳለች። እሱ አጭሯ ዱካ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው፣ ቁጭ ብሎ ይበላል። ከዚያ ሶፋው ላይ ጫማውን አውልቆ፣ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ጋደም ይላል። ከዚያ ቢመጣበትም ባይመጣበትም ሽንት ቤት ይገባል። ከዚያ ጫማውን ያስራል፤ ከዚያ የለም። ሲመለስ ጢሙ አድጎ፣ ነዳጅ ነዳጅ እየሸተተ ነው።

«ሹፌር መሪ ከመያዙ በፊት ሦስት ነገር ይጨርሳል፣ ረዳቴ» ይለኝ ነበር። ረዳቴ ነው የሚለኝ፤ የቆመ አውቶቡስ ውስጥ በምናብ ትኬት እቆርጥለት ስለነበር። «ይበላል፣ ይተኛል፣ ሽንቱን ይሸናል። መንገድ ከተጀመረ በኋላ ያለው አራተኛው ብቻ ነው።»

«አራተኛው ምንድን ነው?»

«መንገዱ።»

ያን ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ድስቱ ተጥዷል። ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ የኩሽናው መስታወት በእንፋሎት አልቦታል፤ እናቴ ሰፊ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ምድጃው አጠገብ ቆማ ውሃውን ታያለች። ውሃው መንተክተክ ሲጀምር እሷም አብራው ጀመረች። ግንባሯን ቁም ሳጥኑ ላይ አስደግፋ ረጅም ትንፋሽ ለቀቀች፤ እኔም በር ላይ እንደቆምኩ አብሬያት ለቀቅኩ። ድስቱና እናቴ አንድ ነገር መሰሉኝ። ሁለቱም ውስጥ ክብ ነገር ይገላበጣል፤ ሁለቱም ሊገነፍሉ ነው።

አባቴ እርጥብ ፀጉሩን እያበጠረ ገባ። ድስቱን አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ተይው እባክሽ፣ በእንዲህ ያለ ቀን ማን ሊበላው?»

«አንተ።»

«እንዴት ብሎ ነው በጉሮሮዬ የሚወርደው?»

«በጨው» አለች እናቴ። ከመሳቢያው ቁራጭ ወረቀት አወጣችና ቆንጠር ቆንጠር አድርጋ ጨው አስቀመጠችበት፤ ጠርዙን እያጠፈች እንደ ክኒን ጠቀለለችው። «ይሄ ጉዳይ ተነጋግረንበት አልቋል፣ ረጅሙ። ደግሞ ጨው የለውም ብለህ እንዳትመለስብኝ።»

አባቴ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለችውን ጠባሳ በአውራ ጣቱ አሻት። ሲከፋው የሚያሻት ናት። ከየት አመጣሃት ብዬ በጠየቅኩት ቁጥር «በር መታኝ» ይላል። የትኛው በር እንደሆነ ተናግሮ አያውቅም፤ እኔም ለጥንቃቄ ከበር ሁሉ እርቅ ነበር።

ታዲያ ከዚህ ምን ልረዳ? እናቴ ሆዷ እንዲያ ተነፍቶ፣ እንዲያ እያቃሰተች፣ አባቴን ወደ ሩቅ መንገድ እየሸኘችው ነው። እሱ አልሄድም ይላል፤ እሷ ብላና ሂድ ትላለች። ያን ጠዋት ልቤ ውስጥ የተጣደው ድስት ይሄ ነበር።

ማዋለጃው ረጅም ኮሪደር ነበረው፤ በአንድ ወገን መስኮት በመስኮት፣ በሌላው ወገን አግዳሚ ወንበር፣ ጫፉ ላይ ክብ መስታወት ያለው ተወዛዋዥ በር። ወለሉ ገና ተወልውሎ የመስኮቶቹ ብርሃን ላዩ ላይ ተኝቷል። ውጭ ዝናቡ አባርቷል፤ ከጣሪያው ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ በየመስኮቱ ሲያልፍ ዛፎቹ ወደ ኋላ የሚሄዱ ይመስላሉ። እናቴን ያስገቧት አልጋ ጎማ ነበረው። መድኃኒት የተደረደረበት ጠረጴዛ ጎማ ነበረው። ባልዲው እንኳ ጎማ ነበረው። እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ሊንቀሳቀስ ተዘጋጅቶ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጠብቀው፤ ያ ሰው ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ ጉልበቱን ያንቀጠቅጣል።

አዋላጇ ሲስተር ወፍራም፣ ሳቂታ ሴት ነበረች። አባቴን ስታይ ቆም አለች።

«ሹፌሩ! ዛሬስ እንዴት ነዎት?» አለችና ዓይኗን ቅንድቡ ላይ ጣል አደረገች። «ያን ጊዜ እኮ ባንድ ወረፋ ሁለት በሽተኛ ነው ያስተናገድነው!»

አባቴ ወለሉን አየ። ሁለተኛው በሽተኛ ማን እንደነበር ልጠይቅ አፌን ስከፍት አክስቴ ከደረጃው ብቅ አለች፤ ጃንጥላዋ ውሃ እያንጠባጠበ፣ እሷ እየተንጠባጠበች።

«እህቴ እስክትገላገል ድረስ ውሃ እንኳ በአፌ አይዞርም!» ብላ አወጀች። የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እኔ ስወለድ አክስቴ ሌላ ከተማ ነበረች። ይሄኛው እንዳያመልጣት ቆርጣ ነው የመጣችው። ውስጥ መግባት የሚፈቀደው ግን ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አባቴ እየገባ የእናቴን ወገብ ያሻል፣ ሲስተሯ ልትመረምር ስትል ይወጣል፣ እንደገና ይገባል። በሩ በተወዛወዘ ቁጥር የእናቴ ድምፅ አብሮ ይወጣል፤ ድምፁም ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቃል፦

«በላህ?»

«ሰማችሁ?» አለች አክስቴ ለባዶው ወንበር። «ልትሞት ስትል እንኳ የምታስበው ለሱ ሆድ ነው! እንዲህ አድርገሽ ነው ወንድ ማበላሸት!»

ሲስተሯም ከእናቴ ጋር የተማከረች ይመስል ብቅ ትልና «ሹፌሩ፣ ውሃ ጠጡ? ሽንት ቤትስ?» ትለዋለች። አባቴ እንደ ተማሪ ተነስቶ ይሄዳል። ሲመለስ እጁ ታጥቧል። ሦስተኛው ነገር አለቀ እያልኩ በልቤ ቆጠርኩለት። የቀረው መብላትና መተኛት ነው። ከዚያ መንገዱ።

መጨረሻ ላይ አክስቴ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወርውራ ተነሳች።

«በቃ፣ ሲስተር! እኔ ነኝ የምገባው። የሴት ነገር የሚገባው ለሴት ነው። እሱ እንደሆነ ፊቱን እዩት፣ አመድ መስሏል።»

«እትዬ…» አለ አባቴ።

«እትዬ አትበለኝ! ምን ትሠራላታለህ? መሪ ነው የምታዞርላት?»

ሲስተሯ ሁለቱንም አየችና ገብታ ጠይቃ ተመለሰች። ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነክሳለች። «ረጅሙ ይግባ፣ ከበላ፣ ነው የምትለው። ካልበላ እህቴ ትግባ አለች።»

አባቴ በልጅነቴ ያየሁት ትልቁ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ትንሽ ሆነ። ከኮቱ ኪስ ሁለቱን እንቁላልና የጨዉን ጥቅል አውጥቶ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ለአክስቴ ጀርባውን፣ ለእኔ ጎኑን ሰጠ። አንዱን እንቁላል መስኮቱ ጠርዝ ላይ ኳ አደረገው። ልጦ ጨረሰና እንደ ድንጋይ በእጁ መዘነው። ጨዉን ፈታ፣ አስነካ፣ ገመጠ።

ብዙ ሰው ሲበላ አይቻለሁ። እንደዚያ የሚበላ ሰው ከዚያ በኋላ አላየሁም። ያኝካል፣ ያኝካል፣ አይወርድለትም፤ ዓይኑ ውሃ ሞልቶ የመስኮቱን መስታወት ይዟል። አንዴ ሊያስመልሰው ሲል መዳፉን አፉ ላይ ጭኖ ተወው። ዛሬ ሳስበው የሰው ልጅ ለፍቅር ከሠራቸው ከባድ ሥራዎች አንዱ ነበር። ያኔ ግን ያየሁት ሊለየን የሚያለቅስ ሹፌር ነው። አክስቴ ያየችው ደግሞ የሚንቀሳቀስ ጀርባና የሚንቀሳቀስ መንጋጋ ነው። ልብ በሉ፤ ከሷ ቦታ ሆኖ ጨው ማየት አይቻልም። ታዲያ በምን አወቀች? እንደርስበታለን።

«ጎሽ» አለች ሲስተሯ። «አሁን ጋደም ይበሉ፤ ገና ትንሽ ይቀራታል። እጠራዎታለሁ።»

«አልተኛም፣ እዚሁ…»

«ይተኛ!» አለ በሩ ውስጥ ያለው ድምፅ።

ሁለተኛውን፣ ያልተላጠውን እንቁላል ከነጨዉ ወንበሩ ጫፍ ላይ አስቀመጠ። ጫማውን አወለቀ። ኮፍያውን ፊቱ ላይ ደፋ፤ እግሩ ከወንበሩ አልፎ አየር ላይ ተንጠለጠለ። አክስቴ «አቤት! አቤት!» ብላ ለጣሪያው አቤት አለች።

እኔ ማድረግ ያለብኝን አወቅኩ። ቀስ ብዬ ከወንበሩ ወረድኩና ጫማዎቹን አነሳሁ። ከባድና ሞቃት ነበሩ። ግድግዳው ጥግ አስቀምጬ ላያቸው ላይ ተቀመጥኩ፣ በቀሚሴም ሸፈንኳቸው። ጫማ የሌለው ሹፌር ፔዳል አይረግጥም።

ከዚያ በኋላ ያለውን በእንቅልፍ ይሁን በውን አላውቅም። ኮሪደሩ ተንቀሳቀሰ። በመስኮቶቹ ዛፎች አለፉ፣ የተሰጣ አንሶላ አለፈ፣ ከዝናብ በኋላ የሚወጣው ቢጫ ብርሃን ከወንበር ወንበር እየዘለለ አለፈ። ከበሩ ወዲያ የእናቴ ድምፅ ዳገት እንደያዘ ሞተር ያጉረመርማል፤ ይከብዳል፣ ይከብዳል፣ ከዚያ አንድ ቦታ ማርሽ ይቀየርና ቀለል ይላል። ሁላችንም ተሳፍረናል። አክስቴ ያለ ትኬት ናት። አባቴ ፊቱ እንደተሸፈነ ተኝቷል፤ መሪውን ማን እንደያዘው አይታወቅም፣ እኔ ግን አልፈራሁም፤ ጫማው ከሥሬ ነው።

«ሹፌሩ! አሁን!»

ኮፍያው ወደቀ። አባቴ ተነስቶ በእግሩ ጫማውን ፈለገ፤ ግራ፣ ቀኝ። ከዚያ እኔን አየኝ። እኔም አየሁት። ምን እንዳየ አላውቅም። ዞረና በካልሲው ሮጠ። ግራው አውራ ጣቱ ጋ ቀዳዳ ነበረው። በሩ ተወዛውዞ ዋጠው።

ደስታዬን እንዴት ልንገራችሁ። በካልሲ የሚኬድበት መንገድ ቅርብ ነው። ሩቅ የሚሄድ ሰው ጫማዬን አምጪ ብሎ ይቆጣ ነበር። ግድግዳው ላይ ተደግፌ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። በሽፋሽፍቶቼ መሃል አክስቴ ቀርታ ነበር።

አክስቴ ብድግ አለች፣ ግድግዳውን ያዘች፣ ተቀመጠች። ከንፈሯ ነጥቷል። ከጠዋት ጀምሮ አፏን ለእህቷ ስትል ዘግታለች፤ ለንግግር ካልሆነ በስተቀር። ወደ ግራ አየች፤ ማንም የለም። ወደ ቀኝ አየች፤ የተኛች ልጅ። እጇ ወደ ወንበሩ ጫፍ ብቻውን የሄደ ይመስል ሄደ። እንቁላሉን ጭኗ ላይ በዝምታ ሰበረች፣ በጥፍሯ ልጣጩን በአንድ ጊዜ ገፈፈችው፣ ጨዉ ላይ አንከባለለችው፣ ዋጥ ስልቅጥ። ከዚያ ጣቷን አርጥባ የቀረችውን ጨው ከወረቀቱ ለቀመች።

ያን ጊዜ ነው ከውስጥ የተጮኸው፤ ቀጭን፣ የተናደደ፣ አዲስ ድምፅ። አክስቴ አስኳል ከንፈሯ ላይ እንዳለ ዘላ ተነሳችና እልል እያለች አለቀሰች።

አባቴ ወጣ። ሸሚዙ ተጨማዷል፣ እጁ ላይ የእናቴ ጥፍር ቦታ ቀልቷል። ኮሪደሩ መሃል ላይ በካልሲው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ቆሜ ነው ያየሁት» አለ። ለማንም አይደለም የተናገረው። «እጇን ሳልለቅ። እስከ መጨረሻው ቆሜ።»

አንድ ሰው ቆሜ ነበር ብሎ ለምን እንደሚያለቅስ አልገባኝም። እኔ ብዙ ጊዜ እቆማለሁ። ከዚያ ዓይኑ ባዶው ወረቀት ላይ ዐረፈ፤ ከወረቀቱ ወደ አክስቴ ከንፈር ሄደ። ወረቀቱን አንስቶ በጥንቃቄ አጠፈና ኪሱ ከተተው።

የቀረውን የነገረችኝ እናቴ ናት፤ ባለፈው ክረምት፣ የእኔ ሆድ ተራው ደርሶ ገፍቶ፣ የልጅ ልብስ አብረን ስናጣጥፍ። ባለቤቴ እንዳንቺ እራብልሻለሁ፣ እንዳንቺ እነቃልሻለሁ እያለ መሐላ መግባቱን ስነግራት የያዘችውን ካልሲ አስቀመጠች።

«አንቺን ስወልድ አባትሽ ከመንገድ ገብቶ ወዲያው ሮጦ መጣ» አለች። «አልበላም፣ አልተኛም። ተቀመጥ ቢሉት እምቢ። ውሃ ጠጣ ቢሉት፣ እሷ እየተሰቃየች እኔ ውሃ? አለ። አምሮበት ነበር እኮ! ልክ ጭንቅላትሽ ብቅ ሲል እጁ እጄ ውስጥ ቀለጠ። ዞር ስል የለም። እንደ ቁም ሳጥን ነው የወደቀው። የጠረጴዛው ብረት ቅንድቡን ከፈለው፤ ደሙ ወለሉን ሲያለብስ ሲስተሯም ረዳቷም ወደሱ ሮጡ። አንቺን ብቻዬን ነው የተቀበልኩሽ፣ በእነዚህ እጆቼ። እነሱ ሲመለሱ ደረቴ ላይ ነሽ።»

እየሳቀች ነበር የጀመረችው። እየሳቀች አልጨረሰችም።

«ፈርቼ ነበር። ብቻዬን ስለሆንኩ አይደለም። እጁ ስለሄደ ነው። ወንድምሽን ሳረግዝ ታዲያ አስቀምጬ ነገርኩት፤ መሪ ሳትበላ አትይዝም፣ የኔን እጅ እንዴት ሳትበላ ያዝከው? አልኩት።»

«ለአክስቴ አንድ ቀን እንኳ ለምን አልተነገራትም? ስንት ዓመት ሙሉ ስሙን ስታጠፋ!»

«እንዳትነግሪያት አለኝ። ያቺ ልጅ ስትወለድ ማንም አላያትም ተብሎ እንዲወራ አልፈለገም መሰለኝ። እንጃለት። እሱን ጠይቂው።»

ጠየቅኩት። መስኮት መስኮቱን አየ።

የእኔ ቀን ደግሞ መጣ። ሌላ ማዋለጃ፣ ሌላ ኮሪደር፣ የከሰዓት ፀሐይ፤ በሩ ገርበብ ብሎ ከአልጋዬ ሆኜ ወንበሩን አያለሁ። ባለቤቴ ሊፍት ጠጋኝ ነው፤ ሰው መሃል መንገድ ላይ ተንጠልጥሎ ሲጮኽ የማይደነግጥ ሰው። ያን ቀን ግን ከኮሪደሩ ግድግዳ ጋር ተለጥፎ ቆሟል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ከንፈሩ ደርቋል፤ አምሮበታል። አልጋው ሥር ያለው ጎማ ሲጥ አለ። ዳገቱ ጀመረኝ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወጣሁት፤ ስገልጥ አባቴ ኮሪደሩ ላይ ነው።

ትንሽ ጎንበስ ብሏል፤ ኮቱ ግን ያው ነው። አክስቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ ከዘራዋን ይዛ ተቀምጣለች። ከኪሱ የእንቁላል ጥቅል ሲያወጣ አየችው።

«ዛሬም እንቁላል!» አለች ለኮሪደሩ ሁሉ። «አቤት! አቤት!»

አባቴ ሳያያት አንዱን እንቁላል መዳፏ ላይ አኖረላት። ከጎኑ የተጠቀለለች ትንሽ ወረቀት ጨመረላት። አክስቴ ወረቀቷን አየች፣ እሱን አየች። ከዚያ እንቁላሉን እንደዚያን ቀን ጭኗ ላይ ሰበረች።

ከዚያ ወደ ባለቤቴ ሄደና ሁለተኛውን ዘረጋለት።

«ብላ።»

«አባባ፣ አመሰግናለሁ፣ ግን እሷ እንዲህ ሆና…»

«ብላ አልኩህ። ከዚያ ሽንት ቤት ግባ። ከዚያ እዚህ ጋ ጋደም በል፤ ስትጠራ እኔ እቀሰቅስሃለሁ።»

«እንዴት ብሎ ነው በጉሮሮዬ የሚወርደው?»

«በጨው።»

ባለቤቴ ወደ እኔ አየ። የሚመጣውን ዳገት ይዤ መናገር አልቻልኩም፤ በጭንቅላቴ ብቻ ብላ አልኩት። እንቁላሉን ተቀበለ፣ ገለባበጠው።

«እሺ፣ ምክንያቱን ይንገሩኝና ልብላ። ለምንድን ነው?»

አባቴ የቅንድቡን ጠባሳ በአውራ ጣቱ አሻት።

«አልነግርህም።»